ወደ ላይ እዪ

ምንትዋብ እንደ ወትሮዋ ጠዋት ተነሥታ አልጋ አነጠፈች። የአምስት ዓመት ልጇን ኤልዳናን ቁርስ አብልታ ወደ ሐኪም ቤት ይዛት ሄደች። በዚህ ዘመን የተሰባበረ የዓይን ጉድጓድ የሚጠገነው ከወላጅ ትከሻ በሚወሰድ ሕያው አጥንት ነው። የተወሰደው በወላጁ ላይ ተመልሶ አይበቅልም።

የዓይን ጉድጓዷን ከሰባበረው አደጋ ወዲህ የኤልዳና ግራ ዓይን ወደ ላይ አይዞርም ነበር። ሐኪሙ ፋሻውን ፈታ።

"እስቲ ጎበዜ፣ አንገትሽን ቀና ሳታደርጊ እናትሽን እዪያት።"

ዓይኗ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ዞረ።

"እማዬ! አፍንጫሽ ውስጥ ፀጉር አለ!"

ሐኪሙ በሳቅ ፈነዳ፤ ምንትዋብ እልልታዋን አቀለጠችው።

"በይ እዘዪኝና እንሂድ!"

ምንትዋብ ደስ ብሏት ጎንበስ አለች። ኤልዳና ጀርባዋ ላይ ወጣች፤ አጥንት በተወሰደበት በግራ ትከሻዋ በኩል ተንሸራታ ወረደች። ደግማ ወጣች፤ ደግማ ወረደች።

ምንትዋብ ከእንግዲህ ልጅ የምታዝልበት ጀርባ የላትም።