መስታወት ያሳበቀው

«እኔ ከሄድኩ በሩ ሲንኳኳ ማን ይሰማላታል?» አለች ልጅቷ ለራሷ፣ ሩቅ ከተማ ለምትጀምረው ሥራ ሻንጣዋን እየሸከፈች፣ ጀርባዋን ሰጥታ። የእናቷ ጆሮ ከደከመ ወዲህ በዚያ ቤት ከባድ ነገር የሚወራው ፊትን አዙሮ ነበር። እናት ግን ከስፌት መኪናዋ ቀና ስትል የልጇን ከንፈር በግድግዳው መስታወት ውስጥ አየችው፤ ቃሉንም አነበበችው።

ተነስታ መዳፏን በልጇ ጀርባ ላይ አሳረፈች። ክፍሉ ውሃ ውስጥ ያለ ይመስል መጋረጃው በዝግታ ይዋኝ ነበር፤ የልጇ ልቅሶ እንደ ሩቅ ንብ በጣቶቿ ገባ። «አትሂጂ» የሚለው ቃል አፏ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

«መስታወቱ አሳበቀብሽ እኮ፣ የኔ ሆድ» አለቻት። «የሚወደኝ ሰው እንደሆነ አያንኳኳም፤ ገፍቶ ይገባል።» ልጅቷ ሳቀች። እናት ሳቁ እስኪያልቅ መዳፏን አላነሳችም። በማግስቱ ልጅቷ ሄደች፤ እናት ቀረች።