አልቃሽ ያጣው ፊልም

እስራኤል የኮምፖንሳቶ ታንክ አሠርቶ ከደሴ መንገድ ዳር አቁሟል፤ ያየው ሹፌር ሁሉ ደንግጦ ፍሬን ይይዛል። የመርሳ ከተማን ጎረምሳ በሙሉ ወታደር አድርጎታል። ያጣው አልቃሽ ብቻ ነው።

ፊልሙ የታላቅ ወንድሙ ታሪክ ነው። ወንድሙ በጦርነቱ ሲሞት ሬሳው አልተገኘም፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ ቤታቸው ያለባት ወልድያ የለቅሶ ድንኳን የሚጣልባት ከተማ አልነበረችም። እናታቸው ማሚቴ ለልጇ ለቅሶ ሳትቀመጥ ቀረች። «በፊልም እንኳ ሲለቀስለት አሳየኝ» ብላዋለች። ያ ትዕይንት ካልተቀረጸ ታንኩም ወታደሩም ለእስራኤል ከንቱ ድካም ነው።

መርሳዎች ግን እምቢ አሉ።

«ሬሳ ሳይኖር ማልቀስ ሟርት ነው» አሉ ሐጂ አብዱልሐሊም፤ ቀብርና ለቅሶ የሚያስተባብረው የቅሬው ዳኛ ናቸው። «ተኩሱን እንደ ፍጥርጥርህ ተኩስ። ለቅሶውን ተወን።»

ካሜራዎቹ ነገ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳሉ። ሕዝቡን እንዲያግባባ የተቀጠረው የጁነይድ ሁኔታ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ እስራኤልን አላማረውም። «ቻርጅ ላድርገው» ብሎ የወሰደውን የእስራኤልን ስልክ አልመለሰም። ዋርካው ሥር ከሐጂው ጋር ሲንሾካሾክ ቆይቶ፣ እስራኤል ሲጠጋ ፈንጠር አለ።

«ምንድን ነው የምትዶልተው?»

«ምንም። እስኪ መጀመሪያ እህል ቅመስ።»

«ሰዉን ያሳመፅክብኝ አንተ ነህ!»

እስራኤል ተስፋው ተሟጠጠ። ለትዕይንቱ የተተከለውን ድንኳን ንቀሉት ሊል ሲል ሰው መምጣት ጀመረ። ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላ። መንገዱ ሞላ።

እስራኤል ጁነይድን አንገቱን አቅፎ ሳመው። «ይቅር በለኝ ወንድሜ፣ በከንቱ ጠርጥሬህ ነው» አለው። ጁነይድ ፊቱን አዞረ።

«ካሜራ!»

ወንድሙን ሆኖ የሚጫወተው ተዋናይ ቃሬዛው ላይ ተጋደመ። ሕዝቡ ግን እንደቆመ ቀረ። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው።

«ኧረ አልቅሱ!» እስራኤል እግራቸው ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «እኔን ተዉኝ፤ ስለ እናቴ ብላችሁ አልቅሱልኝ!»

ይሄኔ ሴቶቹ እሪ አሉ። ደረታቸውን ደቁ። እንዲህ ያለ ለቅሶ ተዋናይ አያለቅሰውም፤ እስራኤል ደስታው እንባ እንባ አለው። ሐጂው ቃሬዛውን አልፈው ወደ እሱ ሲመጡ እንኳ ጮኸባቸው።

«ሐጂ፣ ወደ ሬሳው ይሂዱ! ካሜራውን ጋረዱት!»

ሐጂው ትከሻውን ግጥም አድርገው ያዙት።

«አላህ ጽናቱን ይስጥህ፣ ልጄ። እናትህ ዛሬ ጠዋት አርፋለች።»