እንቁላሉን ማን ጠየቀ

«እንቁላሉን ማን ጠየቀሽ?» አሉ ዶክተር ምንትዋብ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው።

ሶሬቲን አፏን ብትከፍት የሚወጣው ቃል አስፈራት። ዩኒቨርሲቲ ሳለች ስለ ዓሣ ሕይወት ያስተማሯት፣ ሥራ አጥታ ስትንከራተትም ወሎ ሰፈር ወዳለው ወደዚህ የአማካሪ ቢሯቸው ጠርተው የቀጠሯት እኚሁ ሴት ናቸው። ከእናቷ ቀጥሎ የምታከብረው ሰው ቢኖር እሳቸው ነበሩ።

ከጠረጴዛው ማዶ የፋብሪካው ሰው ገብረሃንስ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ፋብሪካው የመኪና ሞተር ማጠቢያ ኬሚካል ይሠራል። ቅባቱን ላጥ አድርጎ ስለሚያነሣ ጋራዦች ይወዱታል፤ ከሞተሩ ታጥቦ የሚሄደው ግን በቦይ አድርጎ ወንዝ ይገባል። ፈቃዱ እንዲታደስለት ውሃ ውስጥ ያለ ፍጥረት እንደማይጎዳ በምርመራ መረጋገጥ አለበት። መርማሪዋ ሶሬቲ ናት።

«ዓሣዎቹ ሞቱ ወይ?» ብሎ ጠየቀ ገብረሃንስ በትሕትና። ትሕትናው ነው ይበልጥ ያናደዳት።

«አልሞቱም።»

«እንግዲህ! ተመስገን ነው።»

«ትልልቆቹ አልሞቱም። እንቁላሎቹ ግን አልተፈለፈሉም። አንድ እንኳ!»

«ሶሬ» አሉ ዶክተሯ ድምፃቸውን አለስልሰው። እንዲህ የሚጠሯት ሲለማመጧት ነው። «እኛ የተጠየቅነው ዓሣ ይገድላል ወይ ተብለን ነው። አይገድልም። ይህንኑ ጽፈሽ ትፈርሚያለሽ። የተጠየቁትን ብቻ መመለስ ውሸት አይደለም።»

«ዶክተር፣ እናትየው ብትተርፍ ልጅ ካልወጣላት፣ ውሎ አድሮ እዚያ ወንዝ ውስጥ ማን ይኖራል?»

«ወንዙ እኮ ድሮም የሞተ ነው» አለ ገብረሃንስ ፈገግ ብሎ። «እህቴ፣ በቡልቡላ ድልድይ አልፈሽ አታውቂም? ያን ሽታ ይዞ ዓሣ አለው ብለሽ ነው?»

ሶሬቲ ደሟ ፈላ። «ድሮም ታሞ ነበር ተብሎ በሽተኛ ታንቆ ይገደላል? ወንዙ እኮ ድልድዩ ሥር አያልቅም! አቃቂ ይወርዳል፣ አዋሽ ይገባል። እዚያ ዓሣ አለ። እዚያ አሥግሮ ልጆቹን የሚያበላ ሰው አለ!»

«በይ ተረጋጊ» አሉ ዶክተር ምንትዋብ። «አንቺ ካልፈረምሽ አብነት ይፈርማል።»

አብነት አጠገቧ የሚሠራው ባልደረባዋ ነው። እንቁላሎቹን አብሯት አይቷል፤ አይቶም «ውይ!» ብሎ ራሱን ይዟል። እሱም እንደሚፈርም ስታስበው ብድግ አለችና የላብራቶሪውን በር በረገደችው።

«ኑ፣ እዩት!»

ለዶክተሯ በዚህ ድምፅ ተናግራ አታውቅም። ሁለቱም ተከትለዋት ገቡ።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት የመስታወት ሳህኖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ንጹሕ ውሃ ባለበት ሳህን ፀጉር የሚያካክሉ የቆሮሶ ዓሣ ጫጩቶች ውር ውር ይላሉ፤ ከመቅጠናቸው የተነሣ ዓይናቸው ብቻ የሚሄድ ይመስላል። ኬሚካሉ በገባበት በሌላኛው ሳህን ያሉት እንቁላሎች እንደ ተቀቀለ ሩዝ ነጥተው ተዘርረዋል።

ገብረሃንስ ጎንበስ ብሎ አየ። «እነዚህ ናቸው?» አለ። «እኔ እኮ ትልቅ ነገር መስሎኝ!»

ከሶሬቲ አጠገብ እንቁላሎቹ የተሞከሩበት ውሃ በጆግ ሙሉ ነበር። አነሣችውና ለዶክተሯ ዘረጋችላቸው።

«ጉዳት ከሌለው ሲንኩ ውስጥ ይድፉልኝ። ሲንኩም ከቦዩ ጋር ነው የሚገናኘው። እርስዎ በእጅዎ ይድፉትና አሁኑኑ እፈርማለሁ።»

«ሶሬቲ፣ ሥርዓት ያዢ!»

«ይድፉት!»

ዶክተሯ ጆጉን ተቀበሉ፤ ባይቀበሉት ልትለቀው ነበር። ወደ ሲንኩ ሄዱ። አዘነበሉት። ውሃው ከጆጉ አፍ ደርሶ ቀጥ አለ፤ እጃቸውም እንዲሁ። ገብረሃንስ ሰዓቱን አየ። ከታች የታክሲ ረዳት «መገናኛ! መገናኛ!» ሲል ይሰማል።

ዶክተር ምንትዋብ ጆጉን ቀና አደረጉት። ከዚያ ወደ ጥግ ዞረው የመርዝ ምልክት የተለጠፈበትን ቢጫ በርሜል ከፈቱና ውሃውን ቀስ አድርገው፣ ጠብታ እንኳ ሳያንጠባጥቡ ገለበጡበት። ክዳኑን ጠበቅ አድርገው ዘጉ። እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ፤ ደገሙና ታጠቡ።

«ምነው እዚያ ደፉት?» አለ ገብረሃንስ።

«የእንቁላሉ ውጤት ሪፖርቱ ውስጥ ይገባል» አሉ ዶክተሯ፣ ሁለቱንም ሳያዩ። «እንዳለ ይገባል።»

ገብረሃንስ አልተቆጣም። «አይዞዎት ዶክተር፣ አማካሪ ቢሮ በሽ ነው» ብሎ ተሰናበታቸው። ደረጃውን ሲወርድ በስልክ የሚናገረው ተሰማ፦ «አዎ፣ ሃያ ሁለት አካባቢ ያሉትን አማካሪዎች አናግርልኝ እስቲ። አይ፣ እነዚህ ያስቸግራሉ።»

ሶሬቲ ንዴቷ እስኪበርድ ጠበቀች፤ አልበረደም። መስኮቱን ከፈተችው። ከሕንፃው ሥር ባለው ጋራዥ አንድ ሠራተኛ የሚኒባስ ሞተር እያጠበ ነው። ነጭ አረፋ በጎማዎቹ መካከል ሾልኮ ወደ ቦዩ ይወርዳል። የማን ምርት እንደሆነ ከላይ አይለይም። ሠራተኛው ውሃውን ዘግቶ ቱቦውን ጠቀለለ። አረፋው ቁልቁል መውረዱን አላቆመም።