የስንዱ ፎቶ

ፎቶ አንሺው በዓመቱ ወደ ጣና ዳሯ መንደር የተመለሰው ቃል ገብቶ ስለነበር ነው። ያነሳቸውን ሰዎች ፎቶ በትልቁ አሳጥቦ መጣ። ዓሣ አጥማጆቹ እየተሳሳቁ ተሻሙት፤ አንደኛው ታንኳው ላይ ያለውን ራሱን አይቶ፣ "ይህን ያህል አርጅቻለሁ እንዴ!" ብሎ ሁሉንም አሳቃቸው።

ስንዱን ግን አጣት። ማለዳ እንስራዋን አዝላ ውሃ የምትወርደው ልጅ ነበረች። ስም ያተረፈለት የእሷ ፎቶ ነው፤ አዲስ አበባ ኤግዚቢሽን ላይ ሰው ተጋፍቶ አይቶታል።

መምጣቱን ሰምተው እናቷ እማማ አንጓች እያለከለኩ ደረሱ።

"ስንዱዬን ክረምት ላይ ወባ ነጠቀችኝ ልጄ። አንድ ፎቶ እንኳ የላትም። መልኳ ከዓይኔ እየጠፋብኝ ስጨነቅ፣ አንተ አንስተሃታል አሉኝ። እግዜር ነው የላከህ!"

ፎቶውን ሊሰጣቸው እጁ እምቢ አለው። እሳቸው ራሳቸው ቀስ ብለው ወሰዱት። ፎቶው ላይ ፀሐይ ከሐይቁ ላይ ብቅ እያለች ነው፤ ስንዱ ወደ ውሃው ትሄዳለች፤ ከእንስራው ሥር ቀሚሷና ተረከዟ ብቻ ይታያሉ።

"ፊቷስ?" አሉት።

ስልኩን አውጥቶ የቀሩትን ፎቶዎቿን አንድ በአንድ አገላበጠ።

"ሁሉንም ከኋላ ነው ያነሳኋት፣ እማማ።"

እማማ አንጓች የሰሙት አይመስሉም። ፎቶውን ገለበጡና ነጩን ወረቀት ትክ ብለው ያዩት ጀመር።