በሽቦ የታሰረው ቱቦ

አሮጌዋ መኪና ዝናብ ውስጥ፣ ቁልቁለቱ መሃል ላይ ቆመች። ማሞቂያዋ የሚነፋው ቀዝቃዛ አየር ብቻ ስለነበር የሁለቱ ሰዎች ትንፋሽ የፊት መስታወቱን ጋርዶታል፤ ሽማግሌው በመሐረባቸው ቢጠርጉት ቢጠርጉት ተመልሶ ይሸፈናል፤ መንገዱ አልታይ ስላላቸው ነው ያቆሟት። በአንድ ጎን ገደል፣ በሌላው ጎን እያጓሩ የሚያልፉ የጭነት መኪኖች። «ከገዛኋት ገና ሳምንቴ ነው» አሉ። «አንተ ልጅ፣ መካኒክ ነኝ ብለህ አይደል የተሳፈርከው? በል እያት!»

መካኒኩ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ሞተሩ ይፋጃል። ወደ ማሞቂያው መግባት የነበረባቸው ሁለት ቱቦዎች ግን ተቆርጠው እርስ በርስ ተቀጥለዋል፤ ሙቁ ውሃ ማሞቂያውን ሳይነካ ይመለሳል። መጋጠሚያው የታሰረበት ሽቦ ጫፉ እጅ እንዳይወጋ እንደ ቀንድ አውጣ ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል። እንዲህ የሚጠቀልል ሰው ከራሱ በቀር አያውቅም። ከዓመታት በፊት ሲሠራት መኪናዋ እንዳሁኑ ቀለሟ ሳይቀየር ነጭ ነበረች፤ ማሞቂያዋ ሲያፈስ «በዚህ በጋ ማን ማሞቂያ ይከፍታል?» ብሎ እየሳቀ ቱቦዎቹን ቀጥሏቸው ነበር።

«ምን አገኘህ? ይህን የሠራ እጁ ይቆረጥ!» ሲሉ ሽማግሌው ከውስጥ ጮኹ።

«አርጅታለች» ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። ተመልሶ ገባ፣ በሩን ዘጋ፣ ቀኝ እጁን መሪው ላይ ዘረጋ። «አባባ፣ እጁ ይኸውልዎ።»

ሽማግሌው እጁን አዩት፤ ቀና ብለው ፊቱንም አዩት። ከዚያ እርጥቡን መሐረብ መዳፉ ላይ አስቀመጡለት።

«እንግዲያው ከዚህ እስክንወርድ አልቆርጠውም» አሉ። «ጥረግ!»