በዙነይራ ጆሮ የገባው ድምፅ

ውሸት ካለበት ምላሴ ይቆረጥ! ላሆር ውስጥ፣ በዩኒቨርሲቲያችን የምክር ማዕከል፣ ሽቦና ማይክ የማገናኘው እኔ ነኝ። ተለማማጅ ስታማክር መምህሯ ከጥቁሩ መስታወት ጀርባ ተቀምጠው፣ ምን ማለት እንዳለባት በጆሮ ማዳመጫ ይነግሯታል።

በተለማማጇ በዙነይራ የማለፊያ ፈተና ቀን፣ እናቱ የሞተችበት ሙደሲር የሚባል ተማሪ ፊቷ ተቀመጠ። እኔ ጥግ ላይ ቆሜያለሁ። በርኅራኄ ጀመረችው። ከዚያ ፊቷ ተለዋወጠ።

"እናትህ ልትሞት ስትል ደወለችልህ። ለምን ዘጋህባት?"

"ኧረ እህቴ፣ ይህን ለማንም አልተናገርኩም!"

"ስልኩን ለጓደኞችህ አሳይተህ ሳቅክ።"

እሷም እያለቀሰች ነው፤ ግን በጆሮዋ የሚነገራትን ካላለች ትወድቃለቻ!

ልጁ መሬት ተደፍቶ ሲንሰቀሰቅ በሩ ተከፈተ። መምህሯ ዶክተር ፈርኸንዳ ቦርሳቸውን እንዳንጠለጠሉ ገቡ።

"የሙሽራ አጀብ መንገድ ዘግቶብኝ ነው። ሳልመጣ ማን ጀምሩ አላችሁ?"

ዙነይራ ማዳመጫውን ነቅላ ሰጠቻቸው። ጆሯቸው ላይ አድርገው ሰሙና "ምንም የለም" አሉ።

እሺ፣ "ምንም የለም" አሉ ያልኳትን፣ ይህቺን አንዷን ፈጠርኳት። ዶክተሯ ፊታቸው አመድ መስሎ ማዳመጫውን ወደ እኔ ዘረጉና፣ "አንተን ነው የሚጠራው" አሉኝ።