ከታሊን ወደ ሪጋ

ሐምራዊት አሜሪካ፣ ዲኬተር ባለው ቤቷ፣ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፑን ከፍታ የመጪውን ሰመር የዕረፍት ጉዞ ለእናቷ በካርታ ታሳይ ነበር። ሕፃን ልጇ አያቱ እቅፍ ውስጥ ተኝቷል። «ኢስቶኒያ፣ ታሊን ላይ መኪና ሬንት እናደርጋለን። አሮጌውን ከተማ አይተን ወደ ሪጋ እንነዳለን» እያለች ጣቷን በመንገዱ ቁልቁል ሳበች። «ይኸውልሽ፣ ወደ ላትቪያ ቦርደሩን የምንሻገረው እዚህ ጋ ነው።»

የእናቷ መዳፍ ቀስ ብሎ የሕፃኑን አፍ ከደነ።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው? ጠባቂ እኮ የለም፤ ማንም አያስቆመንም።» እናቷ አልሰማቻትም። ዓይኗን ድንበሩ ላይ ከቆመው ጣት አልነቀለችም፤ መዳፏ ይበልጥ ተጫነ። ሐምራዊት በሕፃንነቱ ስለቀረውና ስለማታውቀው ታላቅ ወንድሟ በጠየቀቻት ቁጥር መልሷ «መተማ ላይ፣ ተደብቀን ወደ ሱዳን ስንሻገር ቀረ» ብቻ ነበር። እንዴት እንደቀረ ተናግራ አታውቅም። ሐምራዊት የእናቷን እጅ ይዛ ብትጎትት አልላቀቅ አላት። ያኔ ጣቷን ከድንበሩ አሻግራ ሪጋ ላይ ጣለችው። «ተሻገርን እማዬ! አለፍን!»

የእናቷ እጅ ወዲያው ላላ። ሕፃኑ ደንግጦ ቤቱን በለቅሶ አናጋው። እናቷ የሚያለቅሰውን ልጅ ትክ ብላ አየችው።

«ይሄኛው አለቀሰ» አለች።